የሰከንድ ደብተር

«እማማ፣ ይሄ ምንጭ የሚያዛልቀን ይመስልዎታል?» ብሎ አማቿ ጠየቃት። አማቿ ግንበኛ ነው፤ ሰኞ ከተማ ወርዶ ቅዳሜ ይመለሳል። ምንጩ ከደከመ ሚስቱንና ሕፃኗን ጠቅልሎ ሊወስድ ቆርጧል። ምንጩን የምትጠብቀው ደግሞ እሷ፣ የሚስቱ እናት ናት።

በየማለዳው ተራራው ላይ ወጥታ ከምንጩ አፍ ስር ጀሪካን ትደቅናለች። እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልኳ ትይዝና፣ በጎልማሶች ትምህርት በለመደችው ቁጥር ደብተር ላይ ታሰፍራለች። አርባ። ሃምሳ ሁለት። ሰባ። ውሃው በቀጠነ ቁጥር ጀሪካኑ ይዘገያል። ከታች ያለው ሰው የሚቀዳው ምንጩ ከሚሞላው ታንከር ስለሆነ መጉደሉን ገና አላወቀም።

አማቿ ደብተሩን ገልጦ ፊቱ በራ። «ከአርባ ሰባ ገባ? ውሃችን ጨምሯላ።» ልታርመው አፏን ከፈተች። ሕፃኗ እግሯ ስር ስትድህ አየችና መልሳ ዘጋችው።

ለክፉ ቀን ነው ብላ ጎረቤቶቿን ለመነች፤ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ የዝናቡን ውሃ አቁረው ወደ መሬት የሚያሰርጉ ቦዮች አስቆፈረች። ተራራውን ውሃ ልታጠጣው ነው እያሉ ሳቁባት፤ ቆፈሩላት ግን። ክረምቱን ሙሉ ቦዮቹ ሞሉ፣ ሰረጉ፣ ደግመው ሞሉ። ዝናቡ ካባራም በኋላ ደብተሩ ስድሳ አንድ አለ፤ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ አርባ አራት። እሷ እፎይ ልትል ስትል አማቿ ቅዳሜ መጥቶ ቁጥሩን አየና ሻንጣ አወረደ። አለቀልን አለ። ልጇም ልብስ ታጥፍ ጀመር።

እናትየው በሩ ላይ ቆመች።

«አላለቀም፣ ልጄ። ቁጥሩ ሲያንስ ነው ውሃው የሚበዛው። ያኔ እየደረቀ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩህ።»

ደብተሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ያኔ ያሞኙኝ እንድቀር ነው። የአሁኑንስ በምን ልመን?»

ልጇ ሕፃኗን ለእናቷ አስታቅፋ ጀሪካኑንና ስልኩን ይዛ ወደ ምንጩ ወጣች። ስትመለስ የቀሚሷ ጫፍ ርሷል። አርባ ሦስት አለች፤ የታጠፈውን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሰኞ ማለዳ ግንበኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ ከተማ ሄደ። ልጇና ሕፃኗ ቀሩ።