እማማ መስቱራ በአመዳይ የታጠቡ ዕለት

ጥቅምት ላይ የወሎ ረሃብ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ዘንድሮ እኛ ዘንድ ፈረንጅ አገር የመጡት አማቴ እማማ መስቱራ ከሶፋው አይነሱም። ዜና በመጣ ቁጥር ወደ መስታወቱ ተጠግተው፣ ኮረም ከተሰለፈው ሕዝብ መሃል የአንድ ሰው ፊት ይፈልጋሉ፤ የልጃቸውን የዙሀራን። ዙሀራ ከነልጆቿ ሐብሩ ቀርታለች። ከክረምት ወዲህ ወሬዋ የለም። እማማ እሷ ሳትበላ እኔ አልበላም አሉና እህል ተዉ። ትንሽ ሻይ ይቀምሳሉ፤ እሱ ነው ምግባቸው።

ባለቤቴ ኑረዲን ለመናቸው፣ አለቀሰ፣ ታክሲውን አቁሞ አጠገባቸው ዋለ። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠሉ ልባቸው አይችልም ብሎናል። እኔ ደግሞ ፍቅሬም የሚወጣው በቁጣ ነው። አጥሚት አፍልቼ ፊታቸው አስቀምጥና እርስዎ ሲሞቱ ዙሀራ ትጠግባለች ወይ እላቸዋለሁ። ዞር ብለውም አያዩኝ። እውነቱን ለመናገር የተጣላሁት ከሳቸው ጋር አልነበረም፤ የወሎን ሰማይ ከዘጋው ጌታ ጋር ነበር። ሶላቴን አላቋረጥኩም፤ ምስጋና ግን ከአፌ ጠፍቶ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ አሁንም ይወርዳል። ይሄ ምንድን ነው አሉኝ። በረዶ ነው ስላቸው ተቆጡ። በረዶማ እናውቃለን፤ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ማሽላ ይሰብራል፣ ይሄ ድምፅ እንኳ የለው አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አንዷን ቅንጣት ተቀበሉ። እስክትቀልጥ አዩዋት።

"አመዳይ" አሉ።

አባታቸው ሼህ ነበሩ። እማማን በልጅነታቸው ያስጠኗቸው አንድ ዱዓ አለ፤ ጌታዬ ሆይ፣ ከወንጀሌ በውሃ፣ በአመዳይና በበረዶ እጠበኝ የሚል። አመዳይ ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቋቸው፣ አባታቸው እኔም አላየሁት፣ የፈጠረው ያውቀዋል አሏቸው። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላዩትን ነገር ሲለምኑ ኖሩ። አሁን እፊታቸው ወረደ።

ካፖርት ላልብሳቸው ስል ድስት አንስተው በሊፍት ወርደው ኖሯል። ስደርስ ሕንጻውን የሚጠብቀው ሰውዬ፣ እኛ ሱፐሩ የምንለው፣ እንደ ልማዱ በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናል። እማማ ደነገጡ። ጨው በእሳቸው ቤት ተቆጥቦ የሚበላ ነገር ነው፤ እሱን በአላህ ራሕመት ላይ የሚደፋ ምን ዓይነት ሰው ነው? እጁን ይዘው በአማርኛ ተቆጡት። ሰውዬው ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ። ምኑን ላስተርጉምለት? ይሄን በረዶ ይፈልጉታል አልኩት። ጆንያውን አስቀምጦ ፈቀቅ አለ።

እማማ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፣ ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሰው እንዲህ ገላውን ያስነካዋል፤ ከጌታው ዘንድ ገና መምጣቱ ነውና። ክንዳቸው ላይ እያረፈ ሲቀልጥ ያ የከሳ ፊታቸው አማረ። እኔ በረዶን የማውቀው አውቶቡስ ሲያዘገይብኝና ጫማዬን ሲያበላሽብኝ ነው። ያን ዕለት ግን አየሁት። ዛፉን፣ የስልኩን ሽቦ፣ የቆሻሻውን በርሜል ሳይቀር አልብሶታል። ለማንም አላደላም።

እሱ ነው ደግሞ ያቃጠለኝ።

"እዚህ በጨው የሚያባርሩትን እንዲህ ከሚያፈሰው፣ ወሎ ላይ አንድ ጠብታ ቢጥል ምን ነበረበት?" አልኳቸው። አስተግፊሩላህ በይ፣ ምሕረት ለምኚ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ድስቱን እየሞሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔን የጨነቀኝስ ሌላ ነበር፣ ልጄ። ያን ሁሉ ሰው ሳይ የጌታ ጎተራ ያለቀ መሰለኝ። ከባዶ ጎተራ ምን ይለመናል? ይኸው ሙሉ ነው። መቼ እንደሚሰጥ እሱ ያውቃል። እንዳላለቀበት ግን እኔም አወቅሁ።"

ቤት ገብተን ድስቱን ጥጄ አቀለጥኩላቸው። ለብ ባለው ውሃ ዉዱእ አድርገው ሰገዱ። ዱዓቸው ረዘመ፤ የዙሀራን ስም ከመጥራታቸው በፊት ያቀረቡት ምስጋና ብቻ እንደ ልማዴ ያስቀመጥኩላቸውን አጥሚት አቀዘቀዘው። ሲጨርሱ ወደ ኩባያው አመለከቱ።

"አሙቂልኝ" አሉ። "ለልመናም ጉልበት ያስፈልጋል።"

እስከ መጨረሻው ጠጡት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኑረዲን ከሥራ ገብቶ ባዶውን ኩባያ ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

የዙሀራ ወሬ ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በማግስቱ ለሥራ ስወጣ፣ ሱፐሩ በሩን ሁሉ በጨው ሞልቶ፣ ከጎን አንዲት ጥግ ከነበረዶዋ ሳይነካ ትቷል፤ ለአንድ ድስት የምትበቃ። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ለሚወርደው አመዳይ ጓንቴን አወለቅሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዙሀራን አትርፍልኝ ልል ነበር። ቀድሞ ከአፌ የወጣው ግን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አልሐምዱሊላህ ሆነ።