የሾፌሩ ረዳት

ጓሯችን ውስጥ ያሉት ዶሮዎች አርጅተዋል። እንቁላል መጣል ካቆሙ ቆይተዋል፤ አንዷማ ዓይኗ ደክሞ ከግድግዳው ጋር እየተላተመች ነው የምትውለው። የሚያርዳቸው ግን የለም። ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ወጥተው ነው» እያልኩ እቀልዳለሁ። የጎረቤታችንን አባት ጥንቸል ከበላን ወዲህ ሚስቴ ቢላዋዋን ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ወርውራዋለች፣ እኔም አውርጂው ብያት አላውቅም። ሽማግሌው ዛሬም ከበራፋቸው ሆነው ሰላም ይሉናል። ቢያኮርፉን ይሻለን ነበር።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ እኔ መስታወት ገጣሚ ነኝ። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እኛ ዶሮ እናረባለን፣ እሷ ጥንቸል። ሁለቱም ሴቶች ሥጋ ይወዳሉ፣ ግን በእጃቸው ያበሉትን መብላት አይሆንላቸውም። ሚስቴ ደፋር ናት፤ የሰው ከሆነ አርዳ፣ ገፍፋ፣ በልታ ለመነሳት ዓይኗን አታሽም። የራሷን ዶሮ ስትይዝ ግን መልሳ ትለቀዋለች። ታዲያ መላ ዘየዱና ይለዋወጡ ጀመር፤ የእኛን ዶሮ ነርሷ ትበላለች፣ የእሷን ጥንቸል እኛ እንበላለን። ሕግም አወጡለት፦ ስም አይወጣም፣ አንዱ የሌላውን ጓሮ አያይም፣ ስለተሰጠው እንስሳ አንዲት ጥያቄ አይጠየቅም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ነው ነገሩ።

እኔ በሳቅ ልሞት። «እናንተ ኃጢአትን በግድግዳ አሻግራችሁ የጣላችሁት መሰላችሁ? ሥጋ ሥጋ ነው!» እላቸዋለሁ። «አንተ ዝም ብለህ ብላ» ትለኛለች ሚስቴ። እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ፤ በዚህስ አልታማም። የእህቴ ባል ደግሞ አለ፤ ጥንቸል ከቀረበ ከገበታው ይነሳል፣ በግ ሲሆን ግን አጥንቱን ነው የሚግጠው። «ጥንቸል እኮ ታሳዝናለች» ይላል። በጉስ ምን አጥፍቶ ነው የማያሳዝነው ብዬ ባፋጥጠው «አንተ ደግሞ!» ብሎ ወደ አጥንቱ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ስቄያለሁ። ዛሬ ያን ሳቄን ባገኘው መልሼ እውጠው ነበር።

የነርሷ አባት ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩም ሾፌሩ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። በራፍ ላይ ሰላም እንላቸዋለን እንጂ ጓሮ ውስጥ ምን ሲያደርጉ እንደሚውሉ አናውቅም፤ ሕግ ሕግ ነዋ። ኋላ ነው የሰማነው። ከጥንቸሎቹ አንዱን፣ ጆሮው የተቀደደውን፣ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ያስቀምጡት ነበር አሉ። «ረዳቴ» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲሞቁ «በል በሩን ዝጋ፣ እንሂድ!» ይሉትና ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ይውላሉ። ልጃቸው ጥንቸሎቹን አተኩራ አታያቸውም፤ ሣር ወርውራላቸው ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ጓሮው የእሳቸውና የረዳታቸው ነበር።

ጥንቸል በጎደለ ቁጥር ነርሷ ለአባቷ «ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ሰጠሁት፣ ሣር ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል» ትላቸዋለች። ለክፋት አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ግን የምትዋሸው ማንን ነው? በዚህ ከተማ ሾፌሩ የማያውቁት መንገድ የለም። «ግቢው በየት በኩል ነው?» ይላሉ። «ራቅ ይላል አባባ» ትላለች። እሳቸው ተሳፋሪ ሲዋሽ ከዓይኑ የሚለዩ ሰው ናቸው፤ አላመኗትም።

የዚያን ቀን ዶሮው ቀድሞ ሄዶ ስለነበር ተራው የጥንቸል ነበር። ነርሷ ጠዋት ለአባቷ «ዛሬ ደግሞ አንዱን ለሰውየው እሰጣለሁ» ብላ ልትታጠብ ገባች። ሾፌሩ ጊዜ አላጠፉም። ረዳታቸውን በሹራባቸው ጠቅልለው መጥተው የእኛን በር አንኳኩ። እኔ ሥራ ወጥቻለሁ። ሚስቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ከፈተች።

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን ያዢልኝ» አሏት።

ሚስቴ ነርሷ ሥራ ረፍዶባት አባቷን የላከች መሰላት። «እሺ አባባ» ብላ ተቀበለች። ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አይታለች፤ አይታ ግን አልጠየቀችም፣ መጠየቅ ክልክል ነዋ።

«አደራ» አሏት ሲወጡ።

ሳታሰቃዪው ማለታቸው መሰላት። አደራቸውን ልትጠብቅ ቢላዋዋን ደጋግማ ሳለችው።

ለምሳ ስገባ ሽታው ከመንገድ ተቀበለኝ። በላሁ፣ ጨምሪልኝ አልኩ፣ አሁንም ጨመረችልኝ። «ይኼስ የተለየ ነው! ምን እያበሉት ነው ያሳደጉት?» አልኳት ጣቴን እየላስኩ። «አንተ ዝም ብለህ ብላ» አለችኝ፤ ግን ደስ ብሏት ነበር።

ሳህኑ ሳይነሳ በሩ ተንኳኳ። ነርሷ ናት። በእጇ ቅርጫት፣ በቅርጫቱ ውስጥ ጥንቸል።

«ይቅርታ እትዬ፣ ዛሬ ዘገየሁባችሁ» አለች።

ሚስቴ ቅርጫቱን አየች፣ ድስቱን አየች። «ጠዋት በአባትሽ ልከሽልኝ የለም እንዴ?»

«በአባባ? እኔ? ምንም አልላክኩም። እሳቸውማ ዛሬ ደስ ብሏቸው እያፏጩ ነው የዋሉት።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ሹራብ አየች። ድምፅዋ ወረደ። «እትዬ... ጆሮው የተቀደደ ነበር?»

ሚስቴ ራሷን ነቀነቀች። ነርሷ ቅርጫቱን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ምን ይባላል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሾፌሩን ማን እንደሚነግራቸው በዓይን እየተገፋፋን ሳለ ራሳቸው መጡ። ልጃቸው ሌላውን ይዛ ስትወጣ በመስኮት አይተው ክፉ ቀን ያለፈ መስሏቸዋል። ፊታቸው በርቶ፣ «ልጄ፣ አለፈልን! ሌላውን ወስዳለች። በይ ረዳቴን...» እያሉ ገቡና ልጃቸውን ከነቅርጫቷ አዩ።

ቆሙ። ልጃቸውን፣ ድስቱን፣ እኔን፣ ከፊቴ ያለውን አጥንት በየተራ አዩ።

«ሰፊው ግቢ ይኼ ነው እንዴ?» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሚስቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አላወቅኩም አባባ! ልጅዎ የላከችዎት መስሎኝ ነው፤ በእናቴ አጥንት አላወቅኩም!» ክንዷን ይዘው አነሷት። እኛን የተጠራጠሩ አይመስሉም ነበር፤ ያመኑት ቤት ይኼ ብቻ ነበርና።

ነርሷ እያለቀሰች ቅርጫቱን ወደ እሳቸው ገፋችው። «አባባ፣ ይኼን ይውሰዱት። ይኼን ማንም አይነካውም።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ጥንቸሉ አፍንጫውን ያንቀጠቅጣል። «ይኼ ተሳፋሪ ነው» አሉ ቀና ብለው፣ ሳይቆጡ።

ሹራባቸውን ከወንበሩ አንስተው ለበሱት። ደረቱ ላይ ነጫጭ ፀጉር ነበረበት፤ አላራገፉትም። የሚወጡ መስሎኝ ትንፋሼን ሳወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም በላህ?»

«አዎ አባባ።»

«ጣፍጦ ነበር?»

አልጣፈጠም ብላቸው በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ጣፍጧል ማለቱን ደግሞ ምላሴ እንዴት ይድፈረው? መጠበቃቸውን ሳይ እውነቱን ተናገርኩ።

«ጣፍጦ ነበር።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። አንድ ሰው ልጅህ ጎበዝ ነው ያላቸው ይመስል ፊታቸው ለአፍታ ለስለስ አለ፣ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር።

«ጎመን ነው ያበላሁት» አሉኝ። «የውስጥ የውስጡን እየመረጥኩ።»