ወዙ ይውጣ

እትዬ በረኪና ጉልበቷ ከድቷታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ግንበኛ ጨርሶ በሄደ ቁጥር ከኋላው እየገባች፣ የኖራ ጠብታ ስትፍቅ፣ የቀለም ፍንጣቂ በምላጭ ስታነሳ፣ የሲሚንቶ ብናኝ ስትውጥ ኖራለች፤ ከዚያ ሁሉ ያተረፈችው ቢኖር ቅጽል ስሟን ነው። ታድሶ ሊከፈት ሁለት ቀን የቀረው ይህ አሮጌ ፍርድ ቤት ግን ተስፋ ሰጥቷታል። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ «ሥራሽን አይቼ በቋሚነት አስቀርሻለሁ» ብሏታል። ቋሚ ማለት ለእሷ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ባልዲ፣ ከሰዓት በኋላ አረፍ የሚባልበት አንድ ወንበር ነው።

ጠዋት የእድሳቱ ኢንጂነር ስልኩን በትከሻው ደግፎ እያወራ፣ የደረጃውን የእንጨት መደገፊያ አሳያት። «ይሄን በደንብ አድርጊው እትዬ፣ ወዙ ይውጣ» ብሏት ሄደ።

ወዝ ሲባል እሷ የምታውቀው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ የሚጋገረውን ነው። መደገፊያው ደግሞ ከሰው እጅ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

«የስንቱ ተከሳሽ ላብ ይሆን» አለች አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ።

«የዳኞቹም አለበት» ብላ እትዬ በረኪና በሽቦና በትኩስ የሳሙና ውሃ ተያያዘችው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የታችኛው ደረጃ መደገፊያ ትናንት እንደተሰራ ሳጥን ነጥቶ ነበር።

ኢንጂነሩ ተመልሶ ሲያየው ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። «ምን አደረግሽ?»

«ወዙ ይውጣ አላሉም? ይኸው ወጣ።»

«ወዘናው ጎልቶ ይታይ ማለቴ ነበር እኮ። የመቶ ዓመት የሰው እጅ ነው ያወዛው። አሁን ከየት ይመጣል?»

በዕድሜዋ ያነሳችው እድፍ አሳፍሯት አያውቅም፤ ይሄኛው አንገቷን አስደፋት።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ መጣ። መደገፊያውን በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን አየ፤ ንጹህ ነው። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ያ ጥቁር ነገር ሲያስጠላኝ ነበር። ነገ የላይኛውንም እንዲሁ አድርጊልኝና ቅጥርሽን እንጨርሳለን።»

ትእዛዙን የሰጠው ኢንጂነር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እህቷ በክርኗ ጎሰመቻት። ዝም አይነቅዝም ማለቷ ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጥፋት ነው» አለች እትዬ በረኪና። «ሳላውቅ ነው የፋቅኩት። የላይኛውን አልነካም።»

«እንግዲያው የሚነካ እንፈልጋለን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ኢንጂነሩ ምላሱን ያኔ አገኘ። «አይሆንም፣ እሱን ማንም አይነካውም» ብሎ እስከ በሩ ድረስ እየተከተለው ተከራከረለት። ለእንጨቱ ነው፤ ስለ እሷ ቃል አልወጣውም።

«ምን አስለፈለፈሽ አሁን?» አለች እህቷ ዕቃ ሲሰበስቡ። «ወንበርሽን በገዛ አፍሽ አጣሽው።»

«ነገ የላይኛውንም ገሽልጬ፣ በየቀኑ እያየሁት ልቀመጥ? ጉልበቴስ ያርፍ ነበር፤ እኔ አላርፍም።»

እህቷ ባልዲውን ተቀበለቻትና ወጡ።