ዱብ

ጉድጓድ ቆፋሪዎች ወሬ አያበዙም። ከላይ ነገር ሲያመልጠው «ወንድሜ፣ ድንጋይ እየመጣብህ ነውና ተጠንቀቅ» እያለ የሚያስረዳ ሰው፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ሬሳ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የሚወድቀውን ነገር ድምፅ ይጠራሉ። የአፈር ጓል ከሆነ «ጠብ!»፤ ከታች ያለው አናቱን በእጁ ይሸፍናል። ድንጋይ ከሆነ «ዱብ!»፤ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ውሃ ሲፈነዳ ደግሞ ከታች ያለው ራሱ «ፏ!» ይላል፤ ያኔ ገመዱን መሳብ ነው።

ታላቁ ቆፋሪ ይህን ለእህቱ ባል ያስተማረው ራሱ ነው። ሥራ ፈትቶ እህቴን እንዳያስርብብኝ ብሎ ጎትቶ ሥራ አስገባው። ሰውየው ሥራውን ለመደ፤ ዱላውን ግን አልተወም። ወንድ ተብሎ፣ ትናንት ሚስቱን በአካፋ እጀታ ቀጥቅጦ ክንዷን ሰበረው። ዛሬ ጠዋት ወንድሟ የበለዘ ፊቷንና የታሰረ ክንዷን አየ።

«ከእንግዲህ እጁን አያነሳብሽም» አላት። «የእናታችን አጥንት ይፋረደኝ!»

ረፋድ ላይ አማቹ ከታች እያንጎራጎረ ይቆፍራል። ታላቁ ቆፋሪ ከባድ ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ አፋፉ ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ፤ ማንም የለም። የዚያን አውሬ አናት አነጣጥሮ ለቀቀው።

«ዱብ!»

የጮኸው ራሱ ነው። አፉ ሳያማክረው ጮኸ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ የኖረ አፍ! ድንጋዩ ዘጭ አለ፣ ጭቃው ተፈናጠረ፣ ከዚያ የሰው ዋይታ ተሰማ። የሰውየውን ትከሻ ገሽልጦ፣ የዶማውን እጀታ ሰባብሮ ነበር ያረፈው። ሰውየው ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለነበር አናቱ ተረፈ።

በገመድ ሲያወጣው ደም በደም ሆኖ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት።

«ጋሼ! ባትጮህልኝ አልቆልኝ ነበር!» እያለ ጉንጩን ሳመው። ታላቁ ቆፋሪ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ደግፎ ቤቱ አደረሰው። ባልየው ነገሩን ከነጭማሪው ለሚስቱ ተረከላት።

«በይ ወንድምሽን አመስግኚ! እሱ ባይኖር ሬሳዬ ነበር የሚመጣልሽ።»

ዝም ስትልበት በደህናው እጁ በጥፊ አጮላት። ተንገዳግዳ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«አመስግኚ አልኩሽ!»

ባሏን ቀና ብላም አላየችው። ወንድሟን ነው ያየችው።

«ጋሼ» አለችው፣ የከንፈሯን ደም እየጠረገች፣ «ለምን ጮህክ?»