የሱፍያን ልጅ ምን ትሠራለች?

«እስቲ ይቺን ክንዴን ለኪልኝ፣ ዶክተርዬ» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ስመኝ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ከነከረጢቱ ፈይዛ ጭን ላይ አስቀምጠው።

ፈይዛ ዶክተር አይደለችም። አባቷ ሱፍያን ከተቀበረ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለቅሶ የሚደርሰው የዲላ ሰው ሁሉ ግን ዶክተር ይላታል። ትናንት ከወናጎ የመጡ ሰውዬ የራጅ ፊልም አስይዘዋት አንብቢልኝ ብለዋታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዱ የጨጓራውን ነገር እያነሳ ከድንኳኑ እስከ ጓዳ ተከተላት። አባቷን አርፋ ቁጭ ብላ እንኳ አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«አይ አንቺ፤ አባትሽ እኮ ነው የነገረን።»

«ተሳስቶ ነው። እኔ ሳተላይት ነው የምሠራው።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። እትዬ ስመኝ «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» ብለው መለኪያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ፈይዛን ንድድ አላት። ስንት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆና ተምራለች። ስብሰባ ላይ ሻይ እንድታመጣላቸው የሚጠብቁ ወንዶችን ችላ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ካሉት የሳተላይት ንድፍ መሐንዲሶች አንዷ ናት። የገዛ አባቷ ግን በሥራዋ አፍሮ ዶክተር አደረጋት። ሌላ ምን ይባላል?

እናቷ ሀምዲያ መኝታ ክፍል፣ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፈይዛ በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች።

«እማ፣ አባባ በኔ ያፍር ነበር?»

ሀምዲያ ሦስት ቀን ያለቀሰ ዓይኗን ቀና አደረገች። «ማን? ሱፍያን?»

«ታዲያ ለምን ዶክተር ናት ይላል?»

«አንቺው ነሻ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ብሎ ደወለልሽ። የስልኩን ድምፅ ከፍቶት ነበር፣ እኔም ሰምቻለሁ። ተወው አባባ፣ ብነግርህም አይገባህም አልሽው።»

ፈይዛ አስታወሰች። ያን ቀን ስብሰባ ልትገባ እየተጣደፈች ነበር። እሱም ሳቅ ብሎ «እሺ፣ በርቺ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቋት አያውቅም። እሷም ግድ ያልሰጠው መስሏት ስታኮርፍ ኖረች።

«ሳተላይት ቢል ምንድነው ይሉታል፤ ዶክተር ናት ካለ ግን ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውማ» አለች ሀምዲያ። «ለኔ ግን ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ያወራኛል። ሠላሳ ዓመት ብሎን የሸጠ ሰው አይደል? እላይ ሙቀቱም ብርዱም ከባድ ነው አሉ፣ ብሎኑ አይላላባትም ወይ ይለኛል። እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን አውቄ።»

ፈይዛ ሁለት ዓመት የደከመችው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ ብረቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብሎኑ እንዳይላላ። የሥራ ጓደኞቿ እንኳ እስኪገባቸው ወራት ፈጅቶባቸዋል። አባባ አንዴ ቢጠይቃት ኖሮ እስኪበቃው ባወራችው ነበር። እንዳይጠይቃት አፉን የዘጋችው ግን ራሷ ናት፤ አሁን የምትናደድበት ሌላ ሰው የላትም።

«ይላላል፣ እማ» አለች። «ካልተጠነቀቁለት ይላላል።»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሀምዲያ እስኪወጣላት ጠበቀቻት፤ ከዚያ ፈቀቅ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ፣ ቁጭ በይና ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለች። «ከእንግዲህ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው።»