የዐይን ሕሙማኑ ተራ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ መስታወቱን ቢያንኳኩ መልስ ሲያጡ እጃቸውን በትንሿ መስኮት አስገብተው ጠረጴዛዋን መቱት። የዐይን ሆስፒታሉ የመረጃ ሠራተኛ፣ ዘበኞቹ «ባለኮምፒውተሯ» የሚሏት፣ ከጠዋት ጀምሮ ቅሬታ ሲዘንብባት ስለቆየ ቀና ያለችው እየተነጫነጨች ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ከተመዘገብኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል» አሏት። «ጎረቤቴ ግን ባለፈው ወር ተመዝግቦ ነገ ለቀዶ ሕክምና ይገባል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ሥራ ከፈታሁ ቆየሁ። ምን አጥፍቼ ነው?»

እንደ ሌሎቹ ሁሉ «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» ብላ ልትሸኛቸው አፏን ከፈተች። ካርዳቸውን ስታየው ግን ነገሩ አልጥም አላት። የተመዘገቡት በወር መጨረሻ ነው። የጎረቤታቸውን ስም ፈለገችው፤ በወር መባቻ። ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ ወረደችበት። ከላይ ያሉት ሁሉ በወር መባቻ የተመዘገቡ ናቸው፤ ዓመቶቻቸው ግን ዝብርቅርቅ ያሉ።

ስህተቱ የእሷው ነበር። በዓመት አንዴ የሚመጡት እንግዳ ሐኪሞች ነገ ይገባሉ ተብሎ ኃላፊው ትናንት «ቶሎ በይ» እያለ ራሷ ላይ ቆሞ ነበርና፣ በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ ገጽ ላይ ሶርት የሚባለውን መደርደሪያ ትእዛዝ እንደነገሩ ጽፋ ለቀቀችው። ትእዛዙ ቀን ይሁን ወር አያውቅም፤ የተጻፈውን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ይደረድራል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ቀኑ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፣ ዓመቱ መጨረሻ ነው። በወር መባቻ የመጣ ሁሉ፣ አምና ይሁን ዘንድሮ፣ ፊት ተሰለፈ። በወር መጨረሻ የመጣ ስንት ዓመት ቢጠብቅም ኋላ ቀረ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሰው ተራ ነው።

ከላይኞቹ መካከል የእናቷ ስም አለ። እናቷ የተመዘገበችው በቅርቡ፣ ወር በገባ በማግስቱ ነበር። ትናንት ማታ ዕድል ነው ብለው ተቃቅፈው ተላቅሰዋል። እናቷ አሁን ልጇን የምትለየው በድምፅዋ ብቻ ነው፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ነገ ያመለጠውን የሚያገኙት የዛሬ ዓመት ነው።

«አንዴ ይጠብቁኝ አባባ» አለቻቸው።

ትእዛዙን መጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ በቀን እንዲደረድር አድርጋ ጻፈችው። ዐይን እስኪጨፈን አልቆየም። ልብስ ሰፊው ወደ ላይ ወጡ። የእናቷ ስም ወርዶ ወርዶ ነገ ከሚገቡት ውጭ ሆነ። ቢሆንም አተመችው።

ወረቀቱን ይዛ ገብታ የሆነውን ስትነግረው ኃላፊው ቆሞ ሰማትና ዝርዝሩ አንዴ ተለጥፏል፣ የተለጠፈ ደግሞ አይነሳም፣ ሕዝብ ማተራመስ ነው አለ።

«ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው በያቸው፤ አለቀ።»

«ኮምፒውተሩ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እናትሽ ገብተውልሽ የለ? አንቺን ምን አቃጠለሽ?»

ደሟ ፈላ። ትናንት የእሱ ጥድፊያ፣ ዛሬ የእሱ ማፈር፣ መሃል ላይ ደግሞ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች፤ ዐይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይኸው ነው። የባሰ ያንገበገባት ግን እናቷን ጉቦ አድርጎ ማቅረቡ ነበር፤ ለዚያውም በእሷው ስህተት የተገኘ ጉቦ።

«በእናቴ አይምጡብኝ» አለችው። «ማኅተሙን ይምቱበት።»

«አልመታም።»

«እንግዲያው ያለ ማኅተም ይለጠፋል። የተለጠፈ አይነሳም ብለዋል።»

ከወረቀቱ ግርጌ ትናንት ያሳሳተችው እሷ መሆኗን ጽፋ ፈረመች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ስልኳን አወጣች፤ እናቷ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለገችም።

«እማ፣ ነገ አትምጪ። ተራሽ አልደረሰም።»

«ስሜ አለ አላልሽኝም?»

«ተሳስቼ ነበር። የቀደሙሽ ሰዎች አሉ።»

«ማነው ያስወጣኝ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

እናቷ ወትሮ ስልክ የምትዘጋው መርቃ መርቃ ነበር፤ አሁን እንዲሁ ዘጋችው። ባለኮምፒውተሯ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ግቢው ወጣች።

አሮጌውን ዝርዝር ቀዳ አዲሱን ስትለጥፍ ሕሙማኑ በልጆቻቸው እየተመሩ ከበቧት። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን በአፍንጫቸው እስኪነኩት ተጠግተው ምን እንደሚል ጠየቁ። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እስኪበተን እየጠበቀ እንደሆነ ገባት። ሌሊቱን ወረቀት መቅደድ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሰማውን ግን ማንም አይቀድደውም።

ድንጋዩ መቀመጫ ላይ ወጣችና ከመጀመሪያው ስም ጀምራ፣ እያንዳንዱን ከተመዘገበበት ዓመት ጋር፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።