ቅርጫቱ ሙሉ ነበር

በካማሪያ ጀልባ ላይ ሰው አይቆጠርም። ዓሣ ይቆጠራል፣ የውሃ ጀሪካን ይቆጠራል፣ ገመድም በክንድ ይለካል፤ ሰውን ግን ጣት ቀስሮ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ባሕሩን «ና፣ ትርፍ አለን፣ አንዱን ውሰድ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ይህን ሕግ ያወጡት የካፒቴን ማቶላ አባት ናቸው። አንድ ቀን ከወደብ ሲነሱ ባሕረኞቻቸውን ጮክ ብለው ቆጠሩ፣ አሥራ አንድ ነበሩ። ወደ ቤት የተመለሱት አሥር ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ የሰው ቁጥር ከአፋቸው ሳይወጣ ሞቱ፤ ልጃቸውም ጀልባውንም ፍርሃቱንም አብሮ ወረሰ።

ታዲያ እንግዳ አሳፍሮ ከደሴት ደሴት የሚዞር ሰው ያለ ቆጠራ እንዴት ይሆንለታል? በነጠላ ጫማ ነዋ። ካማሪያ ላይ ካፒቴኑም እንግዳውም ባዶ እግሩን ነው። በመሰላሉ ራስ ላይ አንድ የቀርከሃ ቅርጫት ታስሯል። ወደ ደሴት የሚወርድ ጫማውን ከዚያ ያነሳል፣ የተመለሰም እዚያው ይጥላል። የእንግዶቹ ጫማ ሲሟላ መልሕቅ ይነሳል። ጫማ ቢቆጠር ባሕሩ ምን ቸገረው? ክልክሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውን ጫማ ሌላ ሰው ቅርጫቱ ውስጥ አይከትም።

ቴንሪ ይህን ክልክል የጣሰችው ለደግነት ብላ ነው።

ቴንሪ የካፒቴኑ ታናሽ እህት ናት፤ የጀልባዋ ማጀት በእጇ ነው። በዚያ ጉዞ ከተሳፈሩት እንግዶች መካከል ከሱራባያ የመጡ ዊርዮኖ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ፣ አንገታቸው ላይ አሮጌ አቅርቦ ማሳያ የተንጠለጠለ ሰው ናቸው። የመጡት ቢጫ ጉትያ ያላትን ነጭ በቀቀን ለማየት ነው። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሳቸው ማጀቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጡላታል።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትንሿ ቲዉ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጣሉ። የሽማግሌው የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ማሰሪያ የተበጠሰው ያን ጊዜ ነው።

«ይተዉት አባባ፣ እኔ እሰፋዋለሁ» አለቻቸው ቴንሪ። «እስከዚያ የወንድሜን ያድርጉ። እሱ እንደሆነ ጫማ እንዳለውም ረስቶታል።»

«ይሄማ የዝሆን ነው እንጂ የሰው ነው?» አሉ ሽማግሌው እግራቸውን ሲከቱበት። ከሌሎቹም ጋር ካማሪያ በምትጎትታት ትንሽ ጀልባ ወረዱ።

ቴንሪ በዓሣ ማጥመጃ ክር ማሰሪያውን ጥሩ አድርጋ ሰፋችው። ሲመለሱ እንዳይፈልጉት ብላ፣ እጇ ሳያስበው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችውና ሙዟን ልትጠብስ ወደ ማጀት ወረደች።

እንግዶቹ በሁለት ዙር ተመለሱ። ያመላለሳቸው ላሙሳ ነው፤ የባሕር ላይ መንደር ተወላጅ፣ ከመራመዱ በፊት ዋና የተማረ፣ አፉ የማያርፍ ባሕረኛ። በሁለተኛው ዙር ሽማግሌውን ቢያጣቸው በመጀመሪያው መጥተዋል ብሎ አሰበ። ቢሆንም «ቅርጫቱ ሞልቷል?» ብሎ ወደ ላይ ጮኸ።

ካፒቴን ማቶላ ጎንበስ ብሎ አየ። ሞልቷል። መልሕቅ ተነሣ፣ ሸራው ነፋስ ያዘ፣ የባሕሩ ጅረትም ካማሪያን ተሸክሞ ወደ ሰሜን ይዟት ነጎደ።

ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ቴንሪ ሻይና የተጠበሰ ሙዝ አወጣች። ሁሉም ተሻማ። የሽማግሌው ሻይ ብቻ፣ ስኳር የሌለው፣ ሰሃን ተከድኖበት ቀረ።

«አባባ ተኝተው ነው?»

«ከመጣን አላየኋቸውም» አለች ከጃካርታ የመጣችው ወጣት፣ ሙዙ አፏን እያቃጠላት።

ቴንሪ ወርዳ የመኝታቸውን በር አንኳኳች፣ ከፈተችው። አልጋው እንደ ተነጠፈ ነው። መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ የሸራ ማስቀመጫውን አየች። ተመልሳ ስትወጣ ፊቷን ያየው ላሙሳ ማላመጡን አቆመ።

«የሉም።»

ካፒቴኑ ከመሪው ላይ ዞረ። መጀመሪያ ያየው ቅርጫቱን ነው። የሽማግሌው ቡናማ ነጠላ ጫማ ከላይ ተቀምጧል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ባሕሩ ሄደ፣ ድምፁም ተለወጠ።

«ባሕር ገብተዋል። መጥተው ጫማቸውን አስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወድቀዋል። ላሙሳ፣ ሸራ አውርድ! ሁላችሁም በግራና በቀኝ ቁሙና ውሃውን እዩ! ጅረቱ እኛን እንደወሰደ እሳቸውንም ይወስዳቸዋል፣ እዚሁ ዙሪያችን ነው የምንፈልገው።»

እንግዶቹ ተንጫጩ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሸራው እየተንኮታኮተ ወረደ።

ቴንሪ ግን እግሯ ወለሉ ላይ ተተከለ። ጫማው ላይ የራሷን ስፌት አየች፤ አዲሱ ክር ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አባቷ በሰው ሕይወት የገዙትን ሕግ በእንግዳ ፊት «እኔ ጣስኩት» ማለት፣ ወንድሟን በገዛ ጀልባው ላይ ማዋረድ ሆነባት። እንዲህ ስታወላውል ካማሪያ ከደሴቲቱ እየራቀች ነው። ከቲዉ የሚለያቸውን ጠባብ የባሕር በር ታውቀዋለች፤ አሥር ሰዓት ካለፈ ጅረቱ ጉልበት ያወጣና እስከ ሌሊት ድረስ ማንንም አያሳልፍም። ቲዉ ላይ ደግሞ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አርጃኖዎቹ ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ። የወንዝ ዳሩ አርጃኖ እንዳይመስላችሁ፤ ከነጅራቱ ሁለት ሰው የሚያህል፣ አጋዘን የሚጥል አርጃኖ ነው።

«ዳኤንግ!» ብላ ጮኸች። ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ባሕር አልገቡም! ደሴቱ ላይ ናቸው!»

«ጫማቸው እዚህ ነው፣ ሴትዮ!»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። ተበጥሶ ሰፋሁት፣ ሰፍቼ አስገባሁት። የሄዱት ባንተ ጫማ ነው።»

ወንድሟ ተቆጥቶ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«አንቺ አስገባሽው» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ።»

«ተመልሰው ከመጡ በኋላ ወድቀው ቢሆንስ? ደሴት ለደሴት ስንፈልግ እዚህ ቢሰጥሙስ? እርግጠኛ ነሽ?»

ቴንሪ ቅርጫቱን ነቅላ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ጫማዎቹ ተበታተኑ። «ፈልግ! ያንተን ፈልግ! መጥተው ቢሆን ያንተ ጫማ እዚህ ውስጥ ይገኝ ነበር። ቅርጫቱን ታምነው የለም? እንግዲህ እመነው!»

ካፒቴኑ የተበተኑትን ጫማዎች አንድ በአንድ አየ። የሱ ትልቁ ጥቁር ጫማ የለም። ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያም በደቡብ በኩል አረፋ መድፈቅ የጀመረውን የባሕር በር አየ።

«ሸራ ስቀል። ለሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ ስጠው። እንመለሳለን።»

ወደ ሰሜን በጨዋታ የሄዱበትን መንገድ በመመለሻው ጥርስ ነክሰው ሄዱት። ሞተሩ ያቃስታል፣ ሸራው ይወጠራል፣ ዳር ላይ ያለው ቋጥኝ ግን ፈቀቅ አይልም። ቴንሪ አንድ የደረቀ ዛፍ ምልክት አድርጋ ያዘች። ዛፉ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣና ጎናቸው ይቆማል።

«ካፒቴን፣ መኻሉን ተወው!» አለ ላሙሳ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሆኖ። «ቋጥኙን ተጠጋ። ከሥሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃ አለ።»

«ቋጥኙ ሆዷን ይቀድዳታል።»

«እናንተ ጀልባ መሥራት ታውቃላችሁ፣ ባሕሩን ግን ለኛ ለባሕር ላይ ልጆች ተዉት። አያቴ እዚህ ሥር ተኝቶ ነበር የሚቀዝፈው!»

«አያትህ በታንኳ ነበር፣ አንተ ቀጣፊ!»

«እኔም ለታንኳ አልመከርኩም፤ ወደ ግራ! ጥቂት! አሁን ያዘው!»

ካፒቴኑ መሪውን ጠመዘዘ። ቋጥኙ ክንድ ቢዘረጋ እስኪነካ ድረስ መጣ፣ ላዩ ላይ የተጣበቀው ቀንድ አውጣ ሁሉ ታየ። አንዲት አዙሪት ካማሪያን ከኋላዋ ይዛ ወዘወዘቻት፣ ማጀት ውስጥ ድስቱ ሁሉ ተንኳኳ። ከዚያ ድንገት የሆነ እጅ ከኋላ እንደ ገፋት ጀልባዋ ቀለል አለች፣ የደረቀውም ዛፍ ወደ ኋላቸው ቀረ። ላሙሳም «አያቴ ይህን ቢያይ ደንግጦ ይሞት ነበር» አለ።

ቲዉ ስትታይ ፀሐይዋ ከኮረብታው ሁለት ጣት ያህል ቀርቷት ነበር። ዳርቻው ባዶ ነው። ቴንሪ ዳርቻውን በዓይኗ ስታስስ አንዷ እንግዳ «እዚያ! ውሃው ውስጥ!» ብላ ጠቆመች።

ሽማግሌው ከዳርቻው ሃምሳ እርምጃ ገባ ብላ ባለች ድንጋይ ላይ ቆመዋል፤ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል፣ አቅርቦ ማሳያቸውን ራሳቸው ላይ አስረውታል። አሸዋው ላይ አንድ አርጃኖ ሆዱን ዘርግቶ ተኝቷል። ሌላው ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል።

ካፒቴኑ ካማሪያን ጅረቱ ላይ ይዞ መቆየት ነበረበት። ላሙሳና ቴንሪ በትንሿ ጀልባ ሄዱ። ቴንሪ ጫፉ ባላ የሆነውን ረጅም እንጨት ይዛለች።

«አባባ! እንዳይወርዱ! እንመጣለን!»

«ወዴት ልወርድ ልጄ?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ድንጋይዋ አጠገብ ሲደርሱ ውሃው ሳሳ፣ ጀልባዋ ከሥር ያለውን ስለታም የኮራል ድንጋይ ፍቃ ቆመች። አራት እርምጃ ቀርቷል። የሽማግሌው እግር ከቅዝቃዜው ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ቴንሪ ዘለለች። ኮራሉ ውስጥ እግሯን እንደ ምላጭ ቆረጣት፤ ደሟ በጠራው ውሃ ውስጥ እንደ ጭስ ተበተነ።

ላሙሳ ይህን ሲያይ ቀልዱን ሁሉ ረሳ። «ቴንሪ፣ ቶሎ በይ። ደም ሸቶታል። ቶሎ!»

አርጃኖው ውሃው ውስጥ ገብቷል። ጅራቱን ግራና ቀኝ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ ይመጣል። ቴንሪ የሽማግሌውን ክንድ አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ቀላል ናቸው፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ባላውን እንጨት ወደ ኋላዋ ዘርግታ ውሃውን ትመታለች፣ ላሙሳም በመቅዘፊያው የጀልባዋን ጎን እየደበደበ ይጮኻል። እንስሳው ቆም አለ፣ እንደገና መጣ። ባላው አንገቱ ሥር ሲገባ ክብደቱ እስከ ትከሻዋ ተሰማት። በዚያው ቅጽበት ላሙሳ ሽማግሌውን በቀበቷቸው ጎትቶ እንደ ዓሣ ጀልባዋ ውስጥ ጣላቸው፤ እሷም እንጨቱን ለቃ ላያቸው ላይ ወደቀች።

ሦስቱም ተደራርበው ተኙ። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ያመለጠውን ሰው ሳጽናና ኖሬያለሁ» አሉ እየተንቀጠቀጡ። «በቀቀን ሲያይ ጀልባ ያመለጠውን የሚያጽናና ግን አላገኘሁም።»

ቴንሪ ሳቋና ለቅሶዋ አብረው መጡ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ። በኔ ነው፣ ጫማዎን እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ሰፋሽው?»

«ሰፋሁት።»

«ይጠነክራል?»

«ይጠነክራል።»

«እንግዲያስ ምን ታለቅሻለሽ?» አሉና ወደ እግራቸው ጠቆሙ። አንዱ እግር ትልቁን ጥቁር ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። «የወንድምሽን አንዱን ጫማ አርጃኖው ላይ ወረወርኩት። ዋጠው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ራቅ አለ። ምን ዓይነት እግር ነው ያለው ሰውየው?»

ካማሪያ ላይ ሲወጡ እንግዶቹ ተቃቀፉ፣ አንዷ ብርድ ልብስ አመጣች፣ ሌላው የቴንሪን እግር በሎሚ ውሃ አጠበ። ካፒቴን ማቶላ ጀልባዋን አስተማማኝ ባሕር ውስጥ አስገብቶ መልሕቅ እስኪጥል ድረስ ከመሪው ላይ አልተነሣም። ቴንሪ ጎኑ መጥታ ቆመች።

«ተቆጣኝ» አለችው። «ይውጣልኝ።»

«ቅርጫቱን ያየሁት እኔ ነኝ» አለ። «ፊት አይቼ ቢሆን ኖሮ እሳቸው እንደሌሉ አውቅ ነበር፤ ማየት የነበረብኝ ፊት ነው። እኔ ያየሁት ጫማ ነው። አንቺ ጫማ ሰፋሽ፣ እኔ ሰው ጥዬ ሄድኩ።»

ከዚያ ተነሣ። እንግዶቹ በክብ ተቀምጠው ሽማግሌውን ሻይ ያጠጣሉ። ካፒቴኑ መጀመሪያ የጃካርታዋን ወጣት ትከሻ ነካ። ባሏን ነካ። ሁለቱን የሆላንድ እህትማማቾች፣ ከነሱ ጋር የመጣውን ጎልማሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥር ግን አይወጣውም፤ የያንዳንዱን ስም ነው የሚለው፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን እያየ። ላሙሳን ነካ፣ ቴንሪን ነካ። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ደረሰና እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፎ እዚያው ቀረ።

«አባባ ዊርዮኖ» አለ።

«ግማሼን ቁጠረኝ፣ ካፒቴን» አሉ ሽማግሌው፣ ያችን አንዲት ጥቁር ነጠላ ጫማ እየዘረጉለት። «ባንተ ቅርጫት ሕግ እኔ አሁን አንድ እግር ነኝ።»

ካፒቴኑ ሳቀ። ሳቁ ግን ዳር ሳይደርስ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና፣ ጫማዋን ተቀብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጣት። ቅርጫቱ ባዶውን፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ወለሉ ላይ እንደ ተዘረገፈ ነበር።